ሲቆይ ያድጋል ያልኩት ጡረታ

ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ወሎ ውስጥ በከተማችን ጤና ጣቢያ ዘበኛ። ከቀብሩ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሊያስተዛዝን መጥቶ፣ "የጋብቻ ወረቀትሽንና የልጅቷን የልደት ካርድ ይዘሽ ነይ፤ ጡረታው ለሚስትና ለልጅ ይተላለፋል" አለኝ። እሺ አልኩት፤ ግን አልሄድኩም። የሚያሻግረኝ ደላላ መንገዴን ጨርሶ ነበር። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መውጣት የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር፣ የተገኘ መንገድ ቆሞ አይጠብቅም። የአስራ ሦስት ዓመት ልጄን ለእህቴ ሰጠሁ። የጋብቻ ወረቀቱን ግን ለማንም አልሰጠሁም። በፌስታል ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ወረቀት ከእጄ ከወጣ የሚጠፋ ይመስለኛል።

አማን በምትባል የዓረብ ከተማ የመጀመሪያ ኮንትራቴን ጨርሼ ከአሠሪዎቼ ቤት ወጣሁና በሰዓት መሥራት ጀመርኩ። ጀበል አማን በሚባለው ሰፈር፣ ረጅሙ ደረጃ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከአንዲት ያገሬ ልጅ ጋር እኖር ነበር። ማክሰኞና ቅዳሜ ተላዕ አል-ዓሊ የሚባል ሰፈር ሄጄ የአንዲት አስተማሪ ቤት አጸዳለሁ። ያን ሰሞን ማዳሟና ባሏ የሚጨቃጨቁት በሷ ተቃዑድ፣ ማለትም በጡረታዋ ነበር። እሱ "አሁኑኑ ውጪና ተቀበይ፣ ነገ ማን ያውቃል" ይላል። እሷ ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ የወሰደ ትንሽ ያገኛል። የቆየ ነው የሚጠቀመው" ትለዋለች። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ እሰማለሁ። አንድ ቀን ወደኔ ዞራ፣

"አንቺስ፣ አገርሽ ተቃዑድ አለሽ?" አለችኝ።

"የባሌ አለ፣ ማዳም። አልወሰድኩትም።"

"ሻጥራ!" አለችኝ፣ ጎበዝ ማለቷ ነው። "እንዳትነኪው። ይደግ።"

አራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሰው ጎበዝ ስትላት ምን ትሆናለች? አመንኩ። ደስም አለኝ፤ ምክንያቱም ሌላ ፍርሃት ነበረብኝ። ጡረታውን ከጠየቅን "እናትየው የት ናት?" ይላሉ፤ በእገዳው ጊዜ መውጣቴ ይታወቃል፤ እህቴ ትጠየቃለች። ስለዚህ መቆየቱ ለሁሉም የሚበጅ መሰለኝ።

ልጄ በስልክ፣ "እማ፣ አክስቴ የአባዬን ጡረታ እንጠይቅ እያለች ነው" ስትለኝ፣

"አትንኩት" አልኳት። "ሲቆይ ያድጋል።"

"ማን አለ?"

"የተማረ ሰው።"

ከዚያ በኋላ ልጄ ሦስት ጊዜ ያህል አነሳችብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቆጣኋት።

አስራ ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ የነርስነት ትምህርት ለመግባት ስታስብ፣ ሳትነግረኝ ጡረታ ቢሮ ሄደች። ስትደውል ድምፅዋ የሷ አይመስልም።

"እማ፣ አያድግም። አባዬ የሞተ ቀን የተወሰነው ነው። ሳንጠይቀው ብዙ የቆየው ደግሞ ይቀራል እንጂ አይከፈልም። የኔ ድርሻ አስራ ስምንት እስኪሞላኝ ብቻ ነው አሉኝ።"

በጣቴ ቆጠርኩ። አስራ ስምንት ሊሞላት አምስት ወር ቀርቷታል።

"ወይ ራስሽ ነይ፣ ወይ ውክልና ላኪ ብለዋል" አለችኝ።

በማግሥቱ ሥራ ቀርቼ፣ የጋብቻ ወረቀቴን ከነፌስታሉ ይዤ ቆንስላ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ትሑት ነበር። ፓስፖርቴን ገለጠ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ፓስፖርቱን አየ።

"እናቴ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የአባቷም ስም ሌላ ነው። ባል የላትም።"

እውነቱን ነው። ደላላው "ባልና ልጅ ያላትን ማዳሞች አይፈልጉም" ብሎ ነው ፓስፖርቱን እንዲያ ያስወጣው። ያኔ ስሜን እንደ ልብስ የምቀይረው፣ ስመለስ የማወልቀው መስሎኝ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ" አልኩት።

"እርስዎ መሆንዎንማ አያለሁ። ግን ላላገባች ሴት የባሏን ጡረታ ውክልና ብዬ ማኅተም እንዴት ልምታ?"

"እና ምን ይሻለኛል?"

"እውነተኛ ስምዎን አስመስክረው በሊሴ ፓሴ ወረቀት አገር ቤት መግባት ነው። እሱ ግን መሄጃ ብቻ ነው፤ መመለሻ የለውም። እገዳውን ያውቁታል።"

ቤት ስገባ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ፊቴን አይታ ሁሉንም አስለፈለፈችኝ። ልታስቀኝ ፈልጋ፣ "ታዲያ የሃያ ስድስት ዓመት ላጤ ከሆንሽ ምን አስለቀሰሽ? ስዌይለህ ሰፈር ያለውን ባለዳቦ ያገባሽ እንደሆነ ልጠይቅልሽ!" አለች። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አልቆም ብሎኝ፣ እሷም ደንግጣ፣ "በአላህ ተይ፣ እህቴ፣ ተይ" እያለች ያዘችኝ።

ብሄድ ጡረታውን አገኛለሁ፤ እሱ ግን የዘበኛ ጡረታ ነው፣ ብቻውን ነርስ አያስተምርም። ብቆይ ትምህርቷን እከፍላለሁ፤ ከአባቷ የሚደርሳት ድርሻ ግን ይቀራል። ሳምንታት በዚህ ሐሳብ አለቁ። በመጨረሻ ፍርዱን በልጄ ላይ ጣልኩት፤ ዛሬ የማፍርበት ይሄን ነው።

"ልምጣ?" አልኳት።

"መጥተሽ ምን እንበላለን፣ እማ?" አለችኝ።

አልሄድኩም።

አስራ ስምንት የሞላት ቀን ማክሰኞ ነበር። ማዳሟ ቤት መስኮት እያጸዳሁ ሳለሁ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ልላት አፌን ስከፍት፣ "የኔው ዛሬ አበቃ" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ያንቺ ግን እስክትመጪ አለ። በዘገየሽ ቁጥር የኋላው ይቀራል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም ብለዋል።"

ስልኩን ዘግቼ ጨርቁን ጨመቅኩ። ማዳሟ ጡረታ ከወጣች ሁለተኛ ወሯ ነበር፤ እንደፈለገችው ቆይታ፣ እንደፈለገችው አግኝታለች። ሶፋው ላይ ሆና ቀና አለች።

"ያ የባልሽ ተቃዑድ እንዴት ሆነ? ወሰድሽው?"

ልነግራት ነበር። ግን አንቺ ነሽ ያሳሳትሽኝ ማለት ይመስልብኛል፤ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜን እፈልጋቸዋለሁ።

"አልወሰድኩም፣ ማዳም። እየጠበቅኩ ነው።"

"ሻጥራ" አለችኝ።

ወደ ሁለተኛው መስኮት ሄድኩ።