ድንቅነሽ የሞተችበት ፊልም

ድንቅነሽ ገብረጻድቅ አቃቂ ተወልዳ፣ አቃቂ አድጋ፣ አቃቂ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አባቷ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። እሷ ደግሞ ገና በልጅነቷ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ ዕድሜዋን በፈትል ክፍል ጨረሰች። የማሽኑ ጩኸት የጆሮዋን ግማሽ ስለወሰደባት ጮክ ብላ ነው የምታወራው፤ የማያውቃት ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ገላን ኮንዶሚኒየም ከልጇ ከዮዲ ጋር ትኖራለች።

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ፣ ዮዲ ከሥራ ቦታዋ አንድ ወሬ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ልበሺ። ወጣት ማዕከል አዳራሽ ፊልም ሊያሳዩ ነው። አቃቂ የተቀረጸ ነው አሉ። ሰፈርሽን ታያለሽ።»

«ሰፈሬን ለማየት ፊልም ምን ያደርግልኛል? በእግሬ እሄዳለሁ።»

«የድሮውን ነው። የልጆች ታሪክ ነው፤ ሁለት ጓደኛሞች።»

ድንቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ደስ ብሏት ሳይሆን ልጇ ከእሷ ጋር መውጣት መፈለጓ አዘውትሮ ስለማይገጥማት ነው።

አዳራሹ በግማሽ ሞልቶ ነበር። መብራቱ ጠፋና ሸራው ላይ ሐዲድ ታየ። ሐዲድና ሣር፣ ሌላ ምንም የለም። ድንቅነሽ ጠበቀች። አሁንም ሐዲድና ሣር።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች።

ከፊት ያሉት ዞረው አዩዋት። «አይ እማዬ፣ እንዲህ ነው» አለች ዮዲ በጆሮዋ።

ከሣሩ ውስጥ ሁለት ሴት ልጆች ወጡ። አንደኛዋ ሻሽ አስራለች፣ የሌላኛዋ አንገት ላይ ማተብ አለ። ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ፣ ተያዩ፣ አንዷ ሣር ነጨች። ድንቅነሽ ጆሮዋን ወደ ሸራው አዘነበለች።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

እንደዚያ ሆኖ ቀጠለ። ልጆቹ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ሲሰጣ ያያሉ። ማንም አይጣላም፣ ማንም አያገባም። ከኋላ አንድ ሰውዬ ማንኮራፋት ጀመረ። ድንቅነሽም ዓይኗ ሊከደን ሲል ሁለቱ ልጆች አንድ ጥንድ ቀይ የላስቲክ ጫማ ለሁለት ተካፍለው፣ አንዷ ቀኙን፣ አንዷ ግራውን አጥልቀው፣ ተቃቅፈው በጫማው እግር ብቻ በሐዲዱ ጎን መዝለል ጀመሩ።

ድንቅነሽ ቀና አለች።

ይህን ጨዋታ ታውቀዋለች። የራሷ ጨዋታ ነው። የራሷና የልጅነት ጓደኛዋ የኡምሀኒ። ጫማው ግን ቀይ አልነበረም፣ ሰማያዊ ነበር፤ የኡምሀኒ አባት ሙሀመድሁሴን ከአሰብ በጭነት መኪናቸው ያመጡላት ነው። ሁለቱ ሲዘሉ ደግሞ የድንቅነሽ ታናሽ እህት አስካለች ከኋላ እየሮጠች «ወደቃችሁ! ወደቃችሁ!» ትል ነበር። እንደዚያ ነበር ጨዋታው። ሦስተኛዋ ሳትጮህ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ድንቅነሽ ፊልሙን ማየት ትታ አስካለችን መጠበቅ ጀመረች። ሸራው ላይ ሣሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «አሁን ትመጣለች» ትላለች በልቧ። ፊልሙ ቀስ ያለ ስለነበር ለመጠበቅ ይመቻል። ትንሿ ግን አልመጣችም።

የጭነት መኪና መጣ፤ ባለሻሿ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ልትሄድ ነው። ሁለቱ መኪናው ሥር ቆመው አንድ አንድ ጫማ ተሰጣጡ። ቀጥሎ ክረምት ሆነ። ባለማተቧ ልጅ ወንዙ ዳር ብቻዋን ቆማ ጎርፉን ታያለች። ዳሩ ላይ አለች፣ አለች፣ አለች፤ ከዚያ የለችም። የቀረው ወንዙ ብቻ ነው። እሱንም ለረጅም ጊዜ አሳዩና ፊልሙ አለቀ፤ ሰው አጨበጨበ።

ድንቅነሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዮዲ አየቻትና ደነገጠች።

«አመመሽ?»

«አይ፣» አለች፣ «ግን እኔ አልሞትኩም።»

ወደ መድረኩ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች። ፊልሙን የሠራችው እሷ ነች፤ ዩምና ትባላለች። ጥያቄ ካለ ጠይቁ አለች። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» ሲል ሰው ሳቀ፤ ልጅቷም ሳቀች። አንዲት ተማሪ ስለ ዝምታው ጠየቀች። ቀጥሎ ድንቅነሽ ማይክ ሳትጠብቅ ተነሳች።

«ልጅቷን ለምን ገደልሻት?»

ዮዲ ነጠላዋን ጎተተቻት። ዩምና ግን በትሕትና መለሰች፤

«እውነተኛ ታሪክ ስለሆነ ነው እናቴ። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ነበረች፤ እዚሁ አቃቂ ወንዝ ወስዷት ነው የሞተችው።»

«ማን ትባላለች?»

«ድንቅነሽ።»

«ድንቅነሽ እኔ ነኝ!»

ሰው ሳቀ፤ ሞክሼ ናቸው ብሎ። ድንቅነሽ ግን አልተቀመጠችም። «እናትሽ ኡምሀኒ ናት? የሙሀመድሁሴን ልጅ? ባለመኪናው?» ስትል የዩምና ፊት ተለወጠ። ማይኩን ዝቅ አድርጋ ያዘችው። ሳቁም ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

ድንቅነሽ የምታውቀው ይህን ነው፦ ደርግ በገባ ሰሞን ሙሀመድሁሴን ቤተሰባቸውን ጭነው ወደ ኮምቦልቻ ሄዱ። በዚያው ክረምት አስካለች ከሰፈር ልጆች ጋር ጎርፍ ልታይ ወርዳ የቆመችበት ዳር ተደረመሰና ውሃ ወሰዳት። ድንቅነሽ በዚያ ኀዘን ውስጥ ሆና ከኡምሀኒ አንድ ቃል ጠበቀች። ከወሎ የሚመጡ ሾፌሮችን ሁሉ ጠየቀች። ምንም አልመጣም። ረሳችኝ አለች። ልጅ ሆና ተቀየመች፤ አድጋም፣ አግብታም፣ ወልዳም ቅያሜው ውስጧ ቀረ። እናቷ ወይዘሮ መሰለች «ያቺ የእስላም ልጅ ሰላም ትሆን ይሆን?» ሲሉ «ምን አገባኝ» እያለች ትመልስላቸው ነበር።

የዩምና እናት የምታውቀው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ክረምት የአባቷ መኪና ረዳት ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ደርሶ «የገብረጻድቅን ልጅ ውሃ ወሰዳት» ሲል ከበር ኋላ ሰማች። ወንዝ ለወንዝ የምትሮጠው የገብረጻድቅ ልጅ ለእሷ አንድ ብቻ ናት። ማንንም ሳትጠይቅ አለቀሰች፤ ያንን ለቅሶም ሳትጨርሰው አደገች። ኋላ ጂዳ ሠርታ ተመልሳ ሳሪስ ቤት ስትይዝ እንኳ፣ ከአቃቂ በታክሲ አንድ መንገድ ሆና፣ ወደዚያ ዞራ አላየችም።

«ዛሬም እንድትመጣ ለምኛት ነበር፣» አለች ዩምና፣ አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ። «የሞተችበትን ማየት አልችልም ብላ ቀረች።»

«ደውይላት።»

ደወለች። ድንቅነሽ ስልኩ ውስጥ የሚባለውን አልሰማችም፤ የልጅቷን ፊት ብቻ ታያለች። ዩምና ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች።

«በሞተ ሰው አይቀለድም አለችና ዘጋችብኝ።»

ያን ምሽት ድንቅነሽ ራት አልበላችም። ዮዲ «ደስ አይልሽም? ጓደኛሽ እኮ ተገኘች!» ብትላት «እኔ እንጃ» አለች። በእውነትም አላወቀችም። ዕድሜ ልኳን ረሳችኝ ብላ የተቀየመቻት ሴት ዕድሜ ልኳን ስታለቅስላት ኖራለች። ቅያሜውን የት ታደርገው? ደግሞ ሌላ ነገር ከነከናት። አስካለች ሞታ ሞቷ እንኳ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፊልሙ ውስጥ አልኖረች፣ አልሞተች። እንዳልተፈጠረች ሆነች።

በማግስቱ እናትና ልጅ ከዩምና ጋር ሳሪስ ሄዱ። ኡምሀኒ በሩን ራሷ ከፈተች። ድንቅነሽ ፊቷ ላይ ያቺን የድሮዋን ቀጭን ልጅ ፈለገች፤ አላገኘቻትም። ወፈር ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ የምታምር ሴትዮ ናት። ኡምሀኒም አየቻት፤ አልሳመቻትም። ከበሩ ዘወር ብላ «ግቡ» አለች።

ሶፋው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዩምና ሻይ ልታመጣ ብትነሳ እናቷ በእጇ አስቆመቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣» አለች ኡምሀኒ። «እኛ የሄድን ዕለት፣ መኪናው ሊነሳ ሲል፣ ምን ሰጠሁሽ?»

ዮዲ ወደ እናቷ ዞረች፤ መልሱን ፊልሙ ላይ አይታዋለች፣ ጫማ ነው። ድንቅነሽ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ምንም አልሰጠሽኝም። አላገኘሽኝም እኮ። ፋብሪካው አጥር ሥር ተደብቄ ነበር። አባትሽ ጡሩንባ ሲነፉ፣ ስሜን ስትጠሪ እሰማለሁ። አልወጣሁም።»

ኡምሀኒ መነጽሯን አወለቀች።

«ልጄ ናት ጫማውን የጨመረችው» አለች። «እኔ አልወጣችም ብዬ ነው የነገርኳት። ያለ ስንብት ፊልም አይሆንም ብላ...»

ከዚያ ተነስታ ድንቅነሽን ያዘቻት። ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ፊቷን ዳሰሰች፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እንደሚመረምር ሰው። «ያ አላህ! ሙቅ ነሽ» አለች። ሁለቱም አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም ሳቅ መጣባቸው፤ ዮዲና ዩምና የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ሻይ መጣ። ኡምሀኒ ስኳር እያማሰለች ድንገት እጇ ቆመ።

«ቆይ። ታዲያ ውሃ የወሰደው ማንን ነው? ረዳቱ ውሸታም አልነበረም።»

ድንቅነሽ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አስካለችን።»

«የትኛዋ አስካለች?»

«እህቴ ናታ። ትንሿ። ከኋላችን እየሮጠች ወደቃችሁ የምትለን።»

ኡምሀኒ ማንኪያውን ከብርጭቆዋ አውጥታ አስቀመጠች። «እሷን እኮ እኔ አሳድጌያታለሁ» አለች። ማንም እንዳልገባው አይታ ቀጠለች። «አንቺን ሳስብ እናትሽን ነበር የማስበው። ግን ትንሿ አለችላቸው፣ አብሽሪ እላለሁ ለራሴ። አሁን አደገች፣ አሁን አገባች፣ አሁን ወልዳለች እያልኩ። ልጆችም ሰጥቻታለሁ በሐሳቤ። ወላሂ ልጆቿን ጭምር አውቃቸዋለሁ።»

አስካለችን ከእናቷ በቀር እንዲህ ያሰባት ሰው አልነበረም፤ እናቷም ከሞቱ ቆዩ። ድንቅነሽ ትናንት ማታ የተናደደችው እንዳልተፈጠረች አደረጓት ብላ ነበር። አሁን ደግሞ እዚህ ሳሪስ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ አስካለች አግብታ ወልዳ ስትኖር ኖራለች።

«አሁን እኔ ምን ልሁን?» አለች ኡምሀኒ። «ደስ ይበለኝ ወይስ ለቅሶ ልቀመጥ?»

«እኔንም አትጠይቂኝ። ከትናንት ጀምሮ ዞሮብኛል።»

ኡምሀኒ ተነስታ ሻሿን አጠበቀችና ከድንቅነሽ ጎን፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ዝቅ ብላ ተቀመጠች። «አላህ ይርሐማት። ያጽናሽ» አለች። ድንቅነሽም ልጅ ሆና ጎረቤቱ ሁሉ ሲላት እንዳልሰማች ሁሉ «አሜን፣ አሜን» እያለች መለሰች። ጎረቤት ሊጠይቅ ቢመጣ ምን ተብሎ እንደሚነገረው አንዳቸውም አያውቁም። ያን ቀን እስኪመሽ እንደዚያው ተቀምጠው አስካለችን አወሩ። ኡምሀኒ የምታስታውሰው ትንሽ ነበር፤ አፍንጫዋን፣ አንዴ አይጥ ብላ ያስጮኸቻቸውን። ድንቅነሽ ያንን አይጥ ረስታዋለች።

ሲነሱ ዩምና እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። «እትዬ፣ ፊልሙን ልቀይረው? እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ» አለች። አንገቷን ደፍታለች።

ድንቅነሽ አሰበች። ቀይሪው ብትል አስካለች ያ ወንዝ ዳር ልትቆም ነው፣ ሰውም ቁጭ ብሎ ሊያያት ነው። ተዪው ብትል ደግሞ አትኖርም።

«ልጄ፣ እኔ አላውቅም» አለች። «እያሰብኩ ልክረም።» እስከዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠቻትም። አንድ ቀን ቀይሪው ትላለች፣ በሌላው ቀን ትደውልና ቆይ ትላለች። ልጅቷም ትጠብቃለች።

ሁለቱ ሴቶች አሁን ጎረቤት የሆኑ ያህል ነው። ግን ጓደኝነቱ ከድሮው ጋር አይመሳሰልም፤ ድንቅነሽ ኡምሀኒን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ሰው ነው የምታያት። ኡምሀኒ ጨውና ስኳር አትበዪ ትላታለች፣ ቤቷን ትነቅፍባታለች። ከሁሉ የሚብሰው ስልኳ ነው። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ድንገት ትደውልና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» ስትላት ትዘጋለች።

ባለፈው መስከረም በአንድ ቀን መብራት ጠፍቶ የድንቅነሽ ስልክ ሞተ። እሷም ልብሷን አጥባ ሰገነት ላይ እያሰጣች ቀኑ መሸባት። ድንገት በሩ ሊሰበር ደረሰ። ብትከፍት ኡምሀኒ ናት፤ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ላብ አጥምቋታል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

«ለምንድነው ስልክ የማታነሺው?»

«መብራት የለም እኮ!»

«መብራት የለም ብለሽ ትሞቺብኛለሽ?»

ድንቅነሽ መሳቅ ፈለገች፤ ሴትዮዋ የበሩን መቃን ይዛ ስታለከልክ አይታ ተወችው። እሷም መቆጣት ጀመረች፤ በዚህ ዕድሜሽ ይህን ደረጃ ማን ውጪ አለሽ ብላ። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው እየጮኹ ሲጨቃጨቁ ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት እየሩሳሌም በሯን ከፍታ ምን ሆናችሁ አለች። ድንቅነሽ የኡምሀኒን ክንድ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ወንበር ሰጥታት፣ ውሃ ቀዳችላት፤ በጨለማው ውስጥ እስክትረጋጋ ድረስ አጠገቧ ቆመች።