ሳጥኑን አትክፈተው ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለወንድሜም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴማ እንዴት ብዬ! የነፍስ አባቴ ቄስ መንገሻ ናቸው፤ የበደልኩትም እሳቸውን ነው። ስለዚህ አንተ የማላውቅህ አንባቢ ስማኝ። ንስሐ ልትሰጠኝ እንደማትችል አውቃለሁ። ብቻ ስማኝ።

ላሊበላ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። «እሱን ያቃተው መኪና የለም» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር ብል አይበቃም፤ የምኖረው በእሱ ነበር። «አልችልም» ከምል ጥርሴ ቢወልቅ እመርጥ ነበር።

ሞላ የቄስ መንገሻ ልጅ፣ የእኔም ጓደኛ ነበር። እስከ ኮን፣ እስከ ወገል ጤና ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ከፊቷ ዊንች ተገጥሞላታል፤ ጭቃ ሲይዛት የብረት ገመዱን ከዛፍ ወይም ከድንጋይ ጋር አስሮ ራሷን እንድትጎትት ያደርጋታል። የባትሪውን ኃይል ለዊንቹ ሞተር የምታቀብል አንዲት ዕቃ አለች፤ ሶሌኖይድ እንላታለን። ከዊንቹ አጠገብ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተዘግታ ትቀመጣለች። እሷ ከተቃጠለች ዊንቹ ቀጭ ይላል እንጂ አይዞርም።

አንድ በጋ ሞላ መብራቷን እንድሠራለት መኪናዋን እኔ ጋ ትቷት ሄደ። በዚያው ጠዋት ሌላ ሾፌር መጣ፤ የእሱ ዊንች ሶሌኖይድ ተቃጥሎበታል። ከወልድያ እስክናስመጣ ጠብቅ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ለምሳ ትደርሳለች» አልኩት። የሞላን ሳጥን ከፈትኩ፣ ደህናዋን ፈትቼ ለሰውዬው ገጠምኩለት፣ የተቃጠለችውን በሞላ ሳጥን ውስጥ አሰርኳት። ለሞላ ትንፍሽ አላልኩም። በበጋ ዊንች ማን ይነካል? ክረምት ሳይገባ አዲስ እተካለታለሁ አልኩ። ረሳሁት ብል ውሸት ነው። በየሳምንቱ ትዝ ይለኝ ነበር፤ በየሳምንቱም ለሚቀጥለው አሳድረው ነበር።

ሞላ ክረምት በመጣ ቁጥር አባቱ ጠበል ሳይረጩባት መኪናዋን ወደ ገጠር አያወጣም። በዚያም ዓመት ቄስ መንገሻ መስቀላቸውን ይዘው ዞሯት፤ ጎማውን ረጩ፣ መሪውን ረጩ። እኔም ቆሜ ነበር። «አባ፣ ከፊት ለፊቷም ይጨምሩበት፤ ጉልበቷ እዚያ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁና የተረፈውን ጠበል በሳጥኑ ላይ አፈሰሱት። ውስጡ ያለውን እያወቅሁ ሳቅሁ። እንዲህ የሚስቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከሰዓት፣ ሞላ ደወለልኝ። ከገነተ ማርያም ማዶ ብቻውን ዳገት ሲወጣ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ፣ የኋላ ጎማዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል። ገመዱን ከትልቅ ድንጋይ ጋር አስሮታል።

«አይዞርም እኮ! ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ሳጥኑን ልክፈተው እንዴ?» አለኝ።

«ክፈተው፤ ሶሌኖይዷ የተቃጠለች ናት፤ የለወጥኳት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ወፋፍራም ብሎኖች በብሎን መፍቻ አገናኛቸው» ብለው ኖሮ ዊንቹ ይዞር ነበር። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ግን ከከፈተው ያያታል። የእሱ አዲስ ነበረች፤ እኔ ያስገባሁት ጠቁራለች። ለስሜ ፈራሁ።

«ሳጥኑን አትክፈተው!» አልኩት። «ዝናብ ይገባበታል። ይልቅ የባትሪውን ማሰሪያ እየው፤ ላልቶ እንዳይሆን።»

አየና «ጠብቋል» አለኝ።

«ከቦዲው ጋር የታሰረውን ሽቦ ፈትተህ ዝገቱን ፋቀው።»

ፋቀ። ቀጭ ብቻ።

«የዊንቹን የእጅ ማዘዣ ነቅለህ መልሰህ ሰካው።»

ሰካ። ቀጭ ብቻ። ደህና መሆናቸውን የማውቃቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አስፈተሽኩት። የምለው ሲያልቅብኝ «ባትሪው ደክሞ ይሆናል። ገብተህ ሞተሩን አስነሣና ነዳጅ ስጣት» አልኩት።

«መሬቱ አላማረኝም» አለ።

«ለአፍታ ነው፤ ግባ!»

ግባ ያልኩት እኔ ነኝ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አልኩ። ሻይ አዘዝኩ። ሻዩን እስክጨርስ መልሼ አልደወልኩም።

አፋፉ ከነድንጋዩ ተንዶ ኖሮ በማግስቱ ከገደሉ ሥር አወጡት። ሰው ሁሉ «አንተ ታውቃለህ፤ ምን ሆና እንደሆነ እይልን» ስላለኝ እኔም ወረድኩ። እነሱ አስከሬኑን ሲሸከሙ እኔ ሳጥኑን ከፍቼ ሶሌኖይዷን ኪሴ ከተትኳት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ቄስ መንገሻ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ ሙያው ያንተ ነውና አትደብቀኝ» አሉኝ በዝግታ። «ዊንቹ አልዞር እንዳለው ደውሎ ነገረኝ ብለኸናል፤ ያን ዕለት ሳጥኑ ላይ ያፈሰስኩት ጠበል ይሆን ያበላሸው?»

የራሴን ጥፋት ባልናገር እንኳ «አይደለም አባ» ብል ለእሳቸው ይበቃቸው ነበር። ይህን ማለት ምን ያስቸግራል? ግን ጠበሉ ካልሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

«ይሆናል አባ። ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማማም» አልኳቸው።

አላለቀሱም። እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጠበል ረጭተው አያውቁም። ሰው የታመመ ልጁን ይዞ ሲመጣ ሌላ ካህን ያስጠራሉ። «እጄ ደህና አይደለም» ይላሉ፤ ሰው ቁርጥማት ይመስለዋል። ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

እኔም ለንስሐ ዛሬም እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ብቀር ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። ዓርብ ወተት ቀመስኩ እላለሁ፤ ከሚስቴ ተጣላሁ እላለሁ። «ሌላስ አለህ ልጄ?» ይሉኛል። «የለኝም አባ» እላለሁ። መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ፈሪ ነኝ? ፈሪ መባልማ ለእኔ ምስጋና ነው።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ እንደ ልማዴ ሄድኩ። በጣም ደክመዋል። የቀለለውን ዘርዝሬ ስጨርስ መስቀሉን አላነሡም። ከመደባቸው ወርደው እግሬ ሥር ተንበረከኩ። ላነሣቸው ብል እጄን ያዙኝ።

«ዛሬ ተናዛዡ እኔ ነኝ» አሉ። «እንደ ወንድም የምትወደውን ሰው ነሣሁህ። አንተ ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግረኸኝ አታውቅም። ሳልሞት ይቅር በለኝ ልጄ።»

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አልኳቸው።

«አንተስ?»

«እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አባ።»

እጄን ሳሙት፤ አልነጠቅኋቸውም።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቄስ መንገሻ አሉ፤ ቤታቸው ከጋራዤ በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንተን ነገርኩህ፤ እሳቸውን ግን አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ይቅር አትበለኝ።