የባንችይርጋ በሬና የአልጣሽ ድስት

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር፣ ተዝካር ሲደገስም ሆነ ማኅበር ሲጠጣ ወጡን ባንችይርጋ ካልያዘችው ድግሱ ድግስ አይባልም ነበር። ከትልቁ የድግስ ድስት፣ ከጎላው አጠገብ ቆማ ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ እየመለሰች፣ ጨው ማነሱን ሳትቀምስ ከሽታው ታውቃለች ይባልላታል።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ከደባሱ ቤት ነው። የደባሱ ሚስት አልጣሽ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም፤ እንዲያውም ባንችይርጋ ስትገባ ከምድጃው ዳር የሞቀውን ቦታ ትለቅላታለች። ባንችይርጋን ያስከፋት ይኸው ነበር፤ ቦታ በተለቀቀላት ቁጥር እንግዳነቷ ትዝ ይላታል።

ከባሏ የተረፋት አንድ ቡሬ በሬ ነበር። ደባሱም ያለው አንድ በሬ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው እየተጠመዱ የቤቱን መሬት ያርሳሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቻይናዎቹ የወልድያውን መንገድ በጋሸና በኩል አሳልፈው ከሄዱ ብዙም አልቆየም። የጥምቀት ሰሞን ጎረቤታቸው ቢሆነኝ ጋሸና ደርሶ መጣና፣ ሾፌሮች መንገድ ዳር ቆመው ደረቅ ዳቦ ሲገምጡ ማየቱን እየሳቀ አወራ። ሰው ሁሉ ስቆ ረሳው። ባንችይርጋ ግን ሰንብታ ሰንብታ፣ በሬዋን ሸጣ ጋሸና ምግብ ቤት መክፈት እንደምትፈልግ ለደባሱ ነገረችው።

መንደሩ አልማራትም። ቢሆነኝ ወሬውን ያመጣው እሱ መሆኑን ረስቶ፣ ሴትዮዋ በሬ ሸጣ ሽሮ ልትቸረችር ነው እያለ በየጠበል ጠዲቁ ቀለደባት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም የመውጫ ፈቃድ ወረቀቷን ሲሰጣት፣ ካልሆነላት የመሬት ድርሻዋ እንደማይጠብቃት አስጠነቀቃት።

ከሁሉ የከበዳት ግን የደባሱ ነገር ነው። ቡሬ ከተሸጠ እሱ በአንድ በሬ ሊቀር ነው፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ጋር ተቀናጅቶ ተራ እየጠበቀ ሊያርስ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ተራውን አይጠብቅለትም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። የገበያው ቀን ደባሱ ራሱ ቡሬን ፈትቶ ነዳላት።

«ወንድምዓለም፣ ተቀየምከኝ?» አለችው መንገድ ላይ።

«በሬው ያንቺ ነው፣ እታለም። እኔ የምፈራው ላንቺ ነው።»

ጋሸና ላይ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ተከራየች። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ተጠንቅቃ ቤቷን የከፈተችው ሐሙስ ነው። አብሯት የሄደው ደባሱ ለመክፈቻው የገዛችውን ሙክት በግ በስመ አብ ብሎ አረደላት። እሷም እንደለመደችው፣ ልክ እንደ ተዝካር፣ ጎላ ሙሉ ቀይ ወጥ ሠራች።

ቀትር ላይ ከደሴ የመጡ የጭነት መኪኖች ተከታትለው ቆሙ። ሽታው ስቧቸው ሾፌሮቹ ገቡ። ከመካከላቸው ጠና ያለው፣ ሰይድ የሚባለው፣ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ በጉን ማን እንዳረደው በትሕትና ጠየቃት። ባንችይርጋ በኩራት ወንድሟን አሳየችው። የደባሱ ማተብ ከሩቅ ይታያል።

ሰይድ አቀርቅሮ ሳቀ። «የኔ እናት፣ እኛ እኮ እስላሞች ነን።»

የገባት ያን ጊዜ ነው። እስላም የክርስቲያን እርድ እንደማይበላ አጥታው አይደለም፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው ለአገሯ ሰው ነው። ለጾሙ ስትጠነቀቅ እንዲህ ያለ እንግዳ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ጎላው ውስጥ የሚንተከተከው በጉ ሳይሆን ቡሬ መሰላት።

ሰይድ ግን አልተነሣም። ሥጋ ያልነካው ዕቃ ካላት ሽሮም ይበቃናል አለ። አልጣሽ ባንችይርጋን ስትሸኛት እያለቀሰች በጭድ ጠቅልላ ያስያዘቻትን ትንሽ ድስት ያስታወሳት ደባሱ ነው። ድስቷ ተሟሽታለች፤ ገና ምንም አልተሠራባትም። የሽሮው ዱቄትም የአልጣሽ ነው። ባንችይርጋ እጇን ደጋግማ ታጠበች፤ ከጎን ካለው ሱቅ አዲስ ማማሰያ አስመጣች። ጎላ የለመደው እጇ የትንሿን ድስት ልክ አላውቅ አለ፤ ጨውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀምሳ አየች።

ሾፌሮቹ ጠርገው በሉ። ሰይድ ሲወጣ፣ በመልሱ እንደሚያርፍባትና ያቺን ድስት ለእነሱ ብቻ እንድታኖርላቸው ነገራት።

የበጉ ወጥ ተረፈ። ደባሱ እሱ ከበላላት ኪሣራው የሚቀል ይመስል እስኪጨንቀው በላ። የቀረውን ላላፊ አግዳሚው በነፃ አቀረበች፤ ሰዎቹም የማን ተዝካር ነው እየተባባሉ በሉላት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ክርስቲያኖቹ ሾፌሮችም ወደ ሽሮዋ መጡ። ለእስላሞቹና ለክርስቲያኖቹ ሁለት ምድጃ ለየች። ደባሱ ግን በዚያ ክረምት ከቢሆነኝ ጋር ተቀናጅቶ አርሶ፣ ዘግይቶ ዘራ፤ ጎተራው ጎደለ። ይህን ስትሰማ ከየቀኑ ገቢዋ ጥቂት ጥቂት ለይታ ታስቀምጥ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት የጥምቀት ሰሞን ደባሱን አስጠርታ ኮን ገበያ ይዛው ወጣች፤ በሬ እንዲመርጥም ነገረችው። ቡሬን የሚመስል ሲፈልግ ዋለና አጥቶ ጥቁር መረጠ። ጋሸና ሲመለሱ በሬውን ደጇ ላይ አቁሞ ይጠብቃት ጀመር።

«ጓዝሽን ያዢ እንጂ፣ እታለም። በሬሽን መለስሽ፤ እንግዲህ እዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?»

ባንችይርጋ በሬው ለእሱ መሆኑ የገባው መስሏት ነበር። ወደ ምድጃዋ አየች፤ የአልጣሽ ድስት ጠቁራ ተቀምጣለች።

«በሬው ያንተ ነው» አለችው። «እኔ ሰይድን ለነገ ቀጥሬዋለሁ።»

ደባሱ ገመዱን እጁ ላይ ሲጠቀልል ሲፈታ ቆየ። ከፍቶት ይሁን አይሁን ከፊቱ ማንበብ አቃታት። ኋላ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ድስቷን አያትና፣ አልጣሽ ለፋሲካ ስትመጣ ሌላ ድስት ታምጣልሽ ወይስ በርበሬ ይሻልሻል ብሎ ጠየቃት።

ሁለቱንም ታምጣልኝ አለች። ከዚያም ብርዱ እንዳይመታው ብላ፣ ከምድጃው ዳር የሞቀውን ቦታ ለቀቀችለት።