የእናቴን ቁስል ለማሳጠብ አቃቂ ስንሄድ

ከትምህርት ቤት ደብተር ውጪ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ማክሰኞ ከእናቴ ጋር የሄድነው መንገድ ሌላ አስታማሚ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ ስኳር አለባት። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል በየሦስት ቀኑ ካልታጠበ እግሯን ሊያሳጣት እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮናል። ባለፈው ግን ነርሷ የደረቀውን ፋሻ ሳታርስ ስለላጠችው፣ እናቴ ሁለተኛ አልሄድም ብላ ቀረች። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ለምኜ አወጣኋት። "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አለችኝ።

መንገድ

ከኮዬ ፈጬ በጠዋት ተነሳን። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር አንድ ወጣት ለእናቴ ቦታ ለቀቀላት። ቱሉ ዲምቱ ወርደን የአቃቂ ሚኒባስ ያዝን። እኔ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። "ወራጅ አለ" ለማለት ስዘጋጅ ጤና ጣቢያውን አለፍነው። ዘግይቼ በቀስታ ስናገር ረዳቱ እናቴን "ማዘር፣ ለልጅዎ ድምፅ ይግዙላት" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። ወርደን የጠየቅነው ባጃጅ ደግሞ ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም አለን። እናቴ ክንዴን ይዛ፣ በብረታ ብረት ሱቆቹ በኩል እያነከሰች ተመለስን።

ጤና ጣቢያው

የቁስል ማጠቢያው ክፍል በር ላይ አግዳሚው ሞልቷል። ወረፋ መጠበቅ ያልፈለገ ሁሉ በሩን ከፈት ያደርግና "ለመጠየቅ ብቻ ነው" ይላል። አንዱ ሲወጣ ሌላው አንገቱን ያስገባል።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ያችው ነርስ ናት። ፋሻውን መፍታት እንደጀመረች በሩ ተከፈተ፤ አንዲት ሴት ለመጠየቅ ብቻ ነው አለች። ነርሷ ወደ በሩ ስትዞር እጇ ፋሻውን ሳበው። እናቴ ጮኸች፤ ነጠላዋን ሰብስባም ለመሄድ ተነሳች። በቃ፣ አለቀ ብዬ አሰብኩ። ይሁንና ነርሷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን አየችና ቆመች።

"ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል?"

"ማታ ተረኛ ነበርኩ፣ እማማ። ይኸው እስካሁን አልተቀመጥኩም።"

ባልደረባዋ ወልዳ ዕረፍት ላይ ናት፤ ምትክ አልመጣም። ነርሷ ይህን ነግራን ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ውጪና እህል እስክትቀምስ በሩን ያዢ።"

ወጣሁ። ወዲያው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጥተው ለመጠየቅ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ፊቴ ጋለ። ነርሷ እህል እየቀመሰች ስለሆነ ትንሽ እንዲታገሡ ለመንኳቸው። አንዲት ሴት መቼ ተቀጠርሽ ብላ ሳቀችብኝ። ሽማግሌው ግን ከጎኔ ቆሙ።

"እኔ በባቡር ሥራ ነው ያረጀሁት። ያልበላ ሰው ፍሬን አያስይዙትም" አሏት።

ከዚያ በኋላ በሩን የነካ የለም።

ስመለስ ነርሷ ዳቦዋን ጨርሳ እጇን ታጠበች። ፋሻውን አርሳ፣ እስኪላቀቅ ድረስ እናቴን ስለ አገሯ እያስወራች ጠበቀች። ፋሻው ቁስሉን ሳያደማ ወጣ። በእናቴ እግር ጣቶች መሀልም እኛ ያላየነው ሌላ ትንሽ ቁስል አገኘች።

መልስ

ያችን ነርስ ክፉ ሰው አድርጌያት ነበር፤ ለካ ደክሟት ነው። በር መያዝ ግን የአስታማሚ ሥራ አይደለም፤ ምትክ ሊመጣላት ይገባ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ እግሯን ትራስ ላይ አሳረፈች። ዓርብ እንሂድ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። ተኝታለች ስል ዓይኗን ሳትገልጥ እንዲህ አለችኝ፦

"ዓርብ በማለዳ ቀስቅሺኝ። ልጅቱ ሳይደክማት እንድረስ።"