በቀን ስንት ጣሳ

እሸት ቡና ባዶ ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳ፣ ጣሳው እየሞላ ሲሄድ የሚለዝብ፣ ዛሬም የትም ሆኜ ስሰማው ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበትን መስከረም ያመጣብኛል። ቤታችን ከሸኮ ወጣ ብሎ ከቡናው መሀል ነበር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ሚዛን ከተማ መሄድ ነበረበት። ሚዛን አክስት አለችን፣ ቤቷ ግን ከአንድ ልጅ በላይ አይችልም ነበር። እኛ ደግሞ ሁለት ነበርን፤ እኔና ክፍል ደግሞ ስምንተኛ ላይ የደረስኩበት ታላቅ ወንድሜ እያሱ።

ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በሸኮኛ ነበር፤ አባቴ አማርኛ የሚያወጣው ነገሩ ቁም ነገር ሲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ቀላ ቀላ ሲሉ ሁለታችንንም አስቁሞ በአማርኛ፣ «በዚህ ለቀማ የበለጠ ሚዛን ይሄዳል» አለን።

አመንኩት። የሂሳብ አስተማሪያችን ባር ግራፍ የጀመረልን ያን ሰሞን ስለነበር፣ በጓዳው ግድግዳ ላይ ለኔና ለእያሱ ሁለት ዓምድ በከሰል ጀምሬ፣ ለአምስት የዘይት ጣሳ ቡና አንድ ጣት እያስረዘምኩ አሳድጋቸው ነበር። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ጥዬ እወጣለሁ፤ ቀዩ ከአረንጓዴው መሀል ተፈልጎ በሚገኝበት በመስከረምም፣ ቅርንጫፉ ተራቁቶ ቃርሚያው በቀረበት በኅዳርም አልቀረሁም። እያሱ ኳስ ሜዳ ሲውል ከርሞ፣ ቡናው አንድ ላይ በቀላበት በጥቅምት ለዘጠኝ ቀን ብቻ ብቅ አለ። ለቀማው ሲያልቅ የኔ ዓምድ ሃያ አምስት ጣት፣ የሱ ሰባት ሆነ። እናቴም ግድግዳውን አይታ ሚዛን የምለብሰውን ሹራብ ጀመረችልኝ።

በጋ ላይ አባቴ ቡናውን ሰሌን ላይ እያገላበጠ ሳለ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሳጠና፣ «ይሄ አቬሬጅ የምትሉት ምንድን ነው?» አለኝ። አባቴ እኔን ስለ ምንም ጠይቆ አያውቅም ነበርና፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ፍሬውን እየከመርኩ ጠቅላላውን ለቀኑ ቁጥር ማካፈል እንደሆነ አሳየሁት።

ክረምቱ ገብቶ ሁለታችንም ማለፋችን ሲሰማ፣ አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ በአማርኛ ተናገረ።

«አንቺ በአርባ ሁለት ቀን መቶ ሃያ ስድስት ጣሳ፤ አቬሬጅሽ ሦስት። እሱ በዘጠኝ ቀን ሠላሳ ስድስት፤ አራት። በለጠሽ።»

«እሱኮ የለቀመው ቡናው ሲበዛ ብቻ ነው፣ አባዬ።»

«ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» አለና ተነስቶ ወጣ። እናቴ የሹራቡን እጅጌ አስረዝማ ለእያሱ ጨረሰችው።

በመስከረም እያሱን ልትወስድ የመጣችው አክስቴ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ልታጽናናኝ ብላ የባሰውን ነገረችኝ። «አልጋውን እኮ ያሠራሁት ካለፈው ለቀማ በፊት ነሐሴ ላይ ነው፣ አባትሽ እያሱን እልካለሁ ሲለኝ። ወንድምሽም መጥቶ ተጋድሞ አስለካ። አልነገሩሽም እንዴ?»

በዚያ ነሐሴ ገና አንድም ፍሬ አልቀላም ነበር። ለካ እያሱ ኳስ ሜዳ የዋለው ሰንፎ ሳይሆን አውቆ ነው። እኔ ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ያን ሁሉ ጣሳ ስሞላ፣ ሁለቱም እያዩኝ ዝም አሉ። ከዱኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሚዛን የገባሁት እያሱ ጨርሶ ሲወጣ፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ተማሪዎች መሀል ተቀምጬ ነው። ዛሬ ቴፒ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ አማካይ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን «የስንት ቀን? የትኞቹ ቀኖች?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ያኔ ያስለቀሰኝ ከሚዛን መቅረቴ ይመስለኝ ነበር። ወንድ ልጅ ማስቀደም የብዙ ቤት ልማድ ነበርና፣ ዛሬ እሱን ለአባቴ ይቅር ብያለሁ። በከንቱ ሲያስቆጥረኝ መክረሙን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። ቁርጡን ነግሮኝ ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ቡናውንም ቢሆን ያለ ውድድር እለቅምለት ነበር።