ሞተሩን አስነሳና ሽማግሌ ላክ

ሽማግሌዎቼ አስመራ ውስጥ ፓራዲዞ ከሚባለው ሰፈር ሲመለሱ እኔ ፌርማታው ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ፊታቸውን ከሩቅ ሳየው ወደ እነሱ ተራመድኩ። ከፊት የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይመጣል። ከኋላው ጋራዡ ጥግ ላይ ሻሂ የሚሸጡት የወሎ ሰው፣ የአገሬ ልጅ ብለው የሚወዱኝ ሽማግሌ አሉ። ሦስተኛ ሰው ብናጣ የጋራዡን ዘበኛ ኮት አልብሰን ነበር የላክነው። እሱ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ሳቁን በኮቱ እጅጌ ይሸፍናል።

«ምን አሉ? ሰጡኝ ወይስ ከለከሉኝ?» አልኩ።

«አልሰጡህም፣ አልከለከሉህምም» አለ የጋራዡ ባለቤት። «ሞተሩን ያስነሳና ሽማግሌ ይላክ ነው ያሉት።»

«የምን ሞተር?»

«ጓሯቸው መጋዘን ውስጥ የቆመ የጣሊያን ሞተር ሳይክል አላቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። መካኒክ ነኝ ካለ ይምጣና ያስነሳው አሉ። ጾም ሳይገባ ከተነሳ ልጄን እሰጠዋለሁ፤ ካልተነሳ ሌላ ጠያቂ አለኝ ብለው በመድኃኔ ዓለም ማሉ።»

ደሜ ፈላ። ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሄዶ የሞተር ጥገና ታዞ የሚመለስ ሰው ከእኔ በፊት ተፈጥሮ ያውቃል? ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ዘመኑ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት የተባለችበት ነው። እኔ ደግሞ ከደሴ የመጣሁ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ፤ ለሰፈሩ ሁሉ «እቲ አምሓራይ»፣ አማራው፣ ማለት እኔ ነኝ። ሰውዬው ከእኔ ጋር ግልጽ ጠብ ከመፍጠር ሞተሩን መካከል ላይ ገተሩት ብዬ አሰብኩ። በዚያ ላይ የመጨረሻው ቀን የቅበላ እሁድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጾም ስለሚገባ ሠርግ የለም።

ልጅቷን ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ አገኘኋት። ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ ይልቅ አጣርታ ትናገራለች፤ ስሳሳትም አርማኝ ነበር የምታልፈው።

«አባትሽ ሰው ናቸው?» አልኳት።

«ፈራህ እንዴ?» አለች። «የከባድ መኪና ሞተር የሚያወርድ ሰው አንዲት ሞተር ሳይክል ፈራ?»

እንዲህ ካለችኝ በኋላ ወዴት እመለሳለሁ!

በሚቀጥለው እሁድ የብሎን መፍቻ ክያቤዎቼን በከረጢት ይዤ ፓራዲዞ ሄድኩ። አባቷን አቦይ ነበር የምላቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እጃቸው እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀብለው መጋዘኑን ከፈቱልኝ። የከሰል ጆንያ አንስተን፣ የዶሮ ቆጥ ገፍተን፣ ሸራውን ስንገልጠው ግን፣ በስመ አብ!

ቀይ ነው። አቧራውን በመዳፌ ስጠርገው የቤንዚን መያዣው ሰርባቶዮ ላይ የወርቅ መስመር ብቅ አለ። ሲሊንደሩ እንደ ሌሎቹ ሞተሮች ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ፊት ጋደም ብሏል። በግራ በኩል ደግሞ ጣሊያኖቹ ቮላኖ የሚሉት፣ ሞተሩ ሲሠራ አብሮ የሚሽከረከር ትልቅ የብረት መንኮራኩር ከነግርማው እውጭ ወጥቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ሞተር ከጎዳናው ዳር አይቼ አውቃለሁ እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለጥቂት ጊዜ ልጅቷንም ረሳኋት።

«እንዴት ነው?» አሉ አቦይ።

«ይነሳል!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

መርገጫውን ብረግጠው አልነቃነቅም አለ። ፒስተኑ ተጣብቋል። ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ብመለከት ውስጡ በነጭ ነገር ተደፍኗል። ለካ አቦይ ሞተሩን ያቆሙት ቀን ዝገት እንዳይበላው ብለው የበግ ላት አቅልጠው አፍስሰውበታል።

«ላት?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሞተር ነው ወጥ?»

«ዝገት አገኘህበት?» አሉኝ።

አላገኘሁም። ላቱ እንደ ሻማ ደርቆ ፒስተኑን ቢይዘውም ብረቱ ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ላምባ ሞላሁበት፣ ከውጭ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፣ ቮላኖውን በሁለት እጄ ይዤ ወዲያና ወዲህ ሳነቃንቀው ዋልኩ። ከቀትር በኋላ ጭርት ብሎ ሲላቀቅ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። ልጅቷ በመስኮት አይታኝ ስትስቅ ያዝኳት፤ እኔም ዘይቱን በፊቴ ላይ ለቅልቄ ስቄ መለስኩላት። አቦይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሻሂያቸውን ፉት አሉ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እስኪመጣ ሥራዬ ላይ ልቤ አልነበረም። የአይጥ ጎጆ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ በሽቦ ጎትቼ አወጣሁ። ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠብኩ፤ የደረቀ ጎማ ለወጥኩ፤ የጎማውን ካቴና ዘይት ውስጥ ነከርኩ። የቸገረኝ እሳት የሚያመነጨው ማግኔቶ ነው፤ እርጥበት ገብቶበት ብልጭታ አልሰጥም አለ። ፈትቼ ሰፈሩ ካለው ዳቦ ቤት ወሰድኩትና ዳቦው ከወጣ በኋላ በቀረው ሙቀት ምድጃው አፍ ላይ አደረቅነው። ጋጋሪው የማን ዳቦ ነው እያለ ደንበኞቹን አሳቀብኝ። ይሳቅ! መልሼ በእጄ ሳዞረው ጣቴን የነዘረኝ ንዝረት እስከ ክርኔ ደረሰ፤ እኔም ዳቦ ቤቱ ውስጥ ዘለልኩ።

ቅበላ እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቼ በጠዋት መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። የሌላው ጠያቂ ሽማግሌዎች ከምሳ በኋላ እንደሚመጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሙሽራ ነኝ ባዩ እኔ ጓሮ ውስጥ ዘይት ተቀብቼ የመጨረሻዋን ብሎን አጠብቃለሁ። ማግኔቶውን መልሼ አስሬያለሁ፤ ልኩንም ራሴ አስተካክያለሁ። ፒስተኑ ቤንዚኑን አምቆ ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው እሳቱ መምጣት ያለበት፤ ይህን ማንም መካኒክ በሕልሙም ያውቀዋል።

አማተብኩና ረገጥኩ።

ዷ!

ከማርሚታው የወጣው እሳት የዶሮዎቹን ቆጥ ሊበላው ምንም አልቀረውም። ዶሮዎቹ ግድግዳ ዘለሉ፤ ጎረቤት አንዲት ሴትዮ «ወይለይ!» ብላ መሬት ላይ ተኛች። በዚያን ጊዜ አስመራ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው የሚያስበው ሞተር አይደለም። ደግሜ ብረግጥ ደግሞ ዷ! ወዲያው አንድ ጂፕ በሩ ላይ ቆመና ሁለት ፖሊሶች መሣሪያቸውን ደግነው ገቡ። አቦይ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሞተር እዩ፣ ሞተር!» ብለው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ፖሊሶቹ እኔንም ሞተሩንም ከላይ እስከ ታች አይተው እየሳቁ ወጡ።

ደጋግሜ ረገጥኩ። ይተኩሳል እንጂ አይነሳም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ወደይ፣ ልጄ» አሉ አቦይ፣ «ይሄ ሞተር አማርኛ አልተማረም መሰለኝ።»

ሳሎን ያሉት ሽማግሌዎቼ ሳይቀሩ ሳቁ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣና ክያቤውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ጉልበቴን ታቅፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷን ላጣት ነው። በአንድ ቁራጭ ብረት ልጅቷን ላጣት ነው!

እሷ ከማድ ቤት ወጥታ ክያቤውን አነሳችና አጠገቤ ቆመች። ልኩን ለማየት ተነስቼ እንደገና ቮላኖውን በእጄ ወደ ፊት ሳዞረው አየችኝ።

«ለምንድን ነው ወደዚያ የምታዞረው?»

«ወዴት ላዙረው ታዲያ?»

«ወደ ኋላ ነዋ! ልጅ ሆኜ አባቴ እናቴን ከኋላ አስቀምጦ ሲሄድ ሁልጊዜ በዚህ በኩል ቆሜ ነበር የማየው። ጎማው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይሄኛው ወደ ኋላ ይዞራል። ይገርመኝ ነበር።»

«የኔ እመቤት፣ ስንት ሞተር ፈትቻለሁ! ሞተር ወደ ፊት ነው የሚዞር።»

«ሓቄን ነው።»

«አይደለም!»

«ግፋውና እይ!» አለች፤ ድምጿ ከእኔ በላይ ወጣ።

አፏን ላዘጋት ብዬ ማርሽ አስገባሁና ሞተሩን ወደ ፊት ገፋሁት። ቮላኖው ወደ ኋላ ዞረ። ቆምኩ፤ ደግሜ ገፋሁ። ወደ ኋላ! በከባድ መኪና ያደገው ጭንቅላቴ ሁሉም ሞተር አንድ መስሎት ኖሯል። ይሄኛው ግን ጥርስ በጥርስ ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ጎማውን ወደ ፊት ለመላክ እሱ ራሱ ወደ ኋላ መዞር ነበረበት። እኔ ደግሞ ልኩን በተቃራኒው ዙር አስተካክዬ፣ እሳቱ ፒስተኑ ጫፉን ካለፈ በኋላ እንዲመጣ አድርጌያለሁ። ለዚህ ነው ሲተኩስብኝ የዋለው።

ቀና ብዬ አቦይን አየሁ። እሳቸው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ።

«ያውቁ ነበር!» አልኩ።

«እወ» አሉ። «ጠየቅኸኝ?»

ለመናደድም ጊዜ አልነበረኝም። ማግኔቶውን ፈትቼ ልኩን በትክክለኛው ዙር እስካስተካክል ድረስ ሽማግሌዎቼ ሁለተኛ ሻሂ ጠጡ፤ ዘበኛው ኮቱን አውልቆ መብራት ያዘልኝ። ልጅቷ ቮላኖውን ቀስ እያለች ወደ ኋላ ታዞርልኛለች፣ እኔ ቁም ስላት ታቆማለች። እጃችን በዘይቱ ውስጥ ሲነካካ አባቷ አዩንና ወደ ሻሂያቸው ዞሩ።

ረገጥኩ። ዱብ አለ። ደግሜ ረገጥኩ።

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ!

ተነሳ! እሰይ! እንዴት ያለ ድምፅ ነው ጃል! ደልደል ያለ፣ የማይቸኩል፣ መሬቱን ከእግሬ በታች የሚያነቃንቅ ድምፅ። ዘልዬ ዘበኛውን አቀፍኩት። ሻሂ ሻጩ የአገሬ ሰው ከሳሎን ወጥተው «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ያጨበጭባሉ፤ ልጅቷ እልል አለች፤ ጎረቤቶቹም ተቀበሏት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አቦይ ተነሱ። የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው መውደቁንም ያወቁ አልመሰለኝም። መጡና መሪውን ከእጄ ወሰዱት፤ እግራቸውን አሻገሩ፤ በሩ ተከፍቶ ነበርና እንደ ወጣት ፈትለክ ብለው ወጡ።

ጠበቅን። ድምፁ በጸጸራት ሰፈር በኩል ራቀና ጠፋ። የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። የጋራዡ ባለቤት ሰዓቱን ያያል። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች። «ወድቀው ይሆን?» ትላለች፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ቃላቸውን ላለመስጠት ሸሹ እላለሁ። የእነዚያኞቹ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

በመጨረሻ ዱብ ዱቡ ከሩቅ ተሰማ። አቦይ ገብተው ሞተሩን አጠፉና ሳይወርዱ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አቧራ ለብሷል፤ በአቧራው ላይ እንባ የወረደበት መንገድ ይታያል።

«የት ሄደህ ነው አቦይ?» አለች ልጃቸው።

«እናትሽን ነግሬያት መጣሁ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቼ ዞሩ። «ሰጥቻለሁ» አሉ። «በመድኃኔ ዓለም ስምል አይነሳም ብዬ ነበር። አማራ ነው ብዬ አይደለም። ሌላው ጠያቂም ቢሆን ሌላ ምክንያት አላጣለትም ነበር። እሷ ከወጣች በዚህ ቤት ድምፅ የሚባል አይኖርም። እሱን ነው የፈራሁት።»

ልጅቷ ሄዳ ከነሞተሩ አቀፈቻቸው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የተቆጣኋቸው ሰውዬ እንዲህ ፈርተው መኖራቸውን ስሰማ ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«በየእሁዱ እንመጣለን አቦይ» አልኩ።

«ካልመጣችሁም ግድ የለም» አሉ ሰርባቶዮውን እየደባበሱ። «እኔ እመጣለሁ። አሁን መምጫ አለኝ።»

ጾሙ እንደተፈታ ተጋባንና ጎዳይፍ ሰፈር ቤት ተከራየን። በመጀመሪያው እሁድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከተማው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ዱብ ዱብ የሚል ነገር መስኮታችንን አንቀጠቀጠው። ብርድ ልብሱን በራሴ ላይ ሳብኩና ያንን ሞተር ያስነሳችውን የገዛ እጄን ረገምኩ። ሚስቴ ግን ጫማ ሳታጠልቅ ሮጣ በሩን ከፈተችው።