ጥርስ የማያመው መምህር

መምህሩ የሚቀመጠው የጥርስ ሕክምናው በር ላይ ባለው አግዳሚ ላይ፣ እኔ አጠገብ ነው። ካኪ ሱሪው ተተኩሷል፤ የኮቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ጉንጩን በፎጣ ይዟል። ባለፈው ወር የያዘው ግራውን ነበር፤ ዛሬ ቀኙን።

«ኡስታዝ፣ ይሄ ጥርስ እስካሁን አልተነቀለም?» አለው በዚያ የሚያልፍ የአንድ ተማሪው አባት።

«አንድ ይቀረኛል» አለ፣ ዓይኑን ከሲሚንቶው ሳያነሳ።

ሰውየው እስኪርቅ ጠብቆ ፎጣውን ኪሱ ከተተና «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ወደተጻፈበት ቀጣዩ ክፍል ሹልክ አለ። ሲስተር ዝናሽ ስሙን ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም። በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀዋለች።

ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ተነስቼ መራቅ ነበረብኝ፤ አልራቅኩም።

«ኪኒኑን ጠዋት ስውጠው እያስተማርኩ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

«ከራት በኋላ ብናደርገውስ? እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ይሻላል።»

«ባለቤትዎስ አወቁ?»

«ጥርሴን እንደሚያመኝ ነው የምታውቀው።»

«የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ይዘዋቸው ይምጡ። አብረን እንነግራቸዋለን።»

መልሱን አልሰማሁም። ሲወጣ ዓይኖቹ ቀልተዋል። አጠገቤ ሲደርስ ጭኔ ላይ ያለውን ካርድ አየው። የተጻፈበት እሱ የወጣበት ክፍል ቁጥር ነው። ቶሎ ገለበጥኩት።

«አንተንስ በየት በኩል ነው የሚያምህ?» አለኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«በግራ» አልኩት። እጄ የያዘው ግን ቀኝ ጉንጬን ነበር።